የሳይንስ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ፦ «ቲቸር፣ ብረቱ አይዝግም?»

መስከረም ላይ የውሃ ማጣሪያ እንሰራለን ብለን ነበር የተነሳነው፣ ግን አንዱ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ባጃጅ ገጭቶት እግሩ ውስጥ ብረት ገብቶለት በክራንች ሲመለስ የክበቡ ወሬ ሁሉ እሱ ሆነ። አይዝግም? በድሬ ፀሐይ አይግልም? መብረቅ አይስብም? በቃ ማጣሪያውን ተዉትና ይሄንን እንስራ አልኳቸው።

አንድ ሊትር ውሃ ላይ 9 ግራም ጨው ጨመርን፣ የሰውነት ፈሳሽ ጨዋማነት ወደዛ ስለሚጠጋ። አንዱ ጠርሙስ ውስጥ ከቀፊራ ገበያ የተገዛ ተራ ሚስማር፣ ሌላው ውስጥ መዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ሚስማር፣ ሶስተኛው ውስጥ የማይዝግ ማንኪያ። ማሞቂያ አላስፈለገንም፣ ከሰዓት በኋላ የኛ ላብራቶሪ ራሱ ትኩሳት አለበት። ተራው ሚስማር ወዲያው ዛገ፣ መዳብ ያለበት ደግሞ ባሰበት፣ ማንኪያው ግን ምንም! ክሮሚየም አለበት፣ እሱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሰራል፣ ቢጫር እንኳን መልሶ ይሸፍነዋል። የመዳቡ ነገር ግን ብዙ አከራከረን። ሁለት የተለያየ ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ሲነካካ ባትሪ ሆኖ አንዱ እየተበላ ይሄዳል፣ ሐኪሞችም ፕሌቱና (የተሰበረ አጥንት የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት) ቪቴው ከአንድ ዓይነት ብረት እንዲሆን የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው።

ከዛ አንዷ ልጅ ከአጎቷ ክንድ የወጣ ፕሌት በመድኃኒት ብልቃጥ ይዛልን መጣች። ስድስት ቀዳዳ፣ ጠርዙ የተሞረደ፣ ጀርባው ላይ በደቃቁ 316 ኤል የሚል፣ የማይዝግ ብረት ዓይነት መለያ ነው። ማግኔት ሲያስጠጉት አልያዘም፣ ክፍሉ በጩኸት ተናጋ! አብዛኛው ብረት ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው ኒኬል የአተሞቹን አደራደር ስለሚቀይረው ነው። ጨው እንዳይሰረስረው ደግሞ ሞሊብዲነም የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፣ ይሄ የወጥ ቤት ማንኪያ ላይ ብዙ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ ማንኪያችን አለፈ ማለት ለአጥንት ይሆናል ማለት አይደለም።

ሌላው ለአጥንት የሚውል ብረት፣ ቲታኒየም፣ በእጃችን ስላልገባ በወሬ ብቻ ነው ያለፍነው። ከብረት በግማሽ ገደማ ይቀላል፣ አጥንትም ይቀበለዋል፣ ስዊድናዊው ሐኪም ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥንቸል አጥንት ውስጥ የከተተው ቲታኒየም አልወጣም ብሎት ነው ይሄን ያየው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በሰው መንጋጋ ላይ የጥርስ ማቆሚያ አድርጎ ተከለው። (የፀሐዩ ጥያቄ፦ ስጋ ውስጥ ያለ ብረት ሙቀቱ የሰውነት ሙቀት ነው፣ አይግልም። መብረቅም አይስብም።)

ለሚቀጥለው ዓመት ናይቲኖል ማየት እንፈልጋለን፣ ከኒኬልና ቲታኒየም የሚሰራ፣ የደም ስር ማስፊያም የጥርስ ማስተካከያ ሽቦም የሚሆን፣ አንዳንዱ አጣጥፈውት ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ ቅርፁ ይመለሳል። ልጃችሁ ጥርሱ ላይ የነበረ አሮጌ ሽቦ ያላችሁ ወላጆች እባካችሁ አትጣሉት፣ ላኩልን።