የእማሆይ ጅራታም ኮከብ የትኛው ነበር?

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ነህ? ቤተሰቡስ? እኔ ይመስገነው፣ ደህና ነኝ። ለምን እንደተጠፋፋን ምክንያት መደርደር ብጀምር ወረቀቱ ያልቃል፤ ስለዚህ ልዝለለው። የጻፍኩልህ ስለ አያትህ ልጠይቅህ ነው። ስለ እማሆይና ስለዚያ ጅራታም ኮከባቸው።

ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት እየወጣሁ ሰማይ ሳይ ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት 11 እና 12 አካባቢ ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ጥሎት የሄደውን አቧራ መሬታችን ታቋርጠዋለች። አቧራው በሰከንድ 66 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ አየራችን ውስጥ ሲገባ ይነድዳል። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው እሱን ነው። ዘንድሮ ጨረቃም አልነበረችም። ብርዱ ግን አይጣል ነው፤ በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ወዶ አይደለም። ጋቢዬን ተከናንቤ ቆሜ ሃሌይ ራሱ የመጣበት 1978 ትዝ አለኝ።

ሚያዝያ ነበር፣ ጾሙ ገና አልተፈታም። የፊዚክስ አስተማሪያችን «በ76 ዓመት አንዴ ነው፣ እንዳያመልጣችሁ» ብሎ ልባችንን ሰቀለው። እኩለ ሌሊት ላይ ከናንተ ጓሮ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ በረሃ በኩል አፍጥጠን አንዲት የደበዘዘች ነገር አየን። «ይቺው ናት?» ብለህ ተናደድክ። እማሆይ በሩ ላይ ቆመው ሳቁብን። እሳቸው በልጅነታቸው፣ በ1902፣ ቢቸና ሳሉ ያዩት ሌላ ነበር፦ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በምዕራብ በኩል ጅራቱን ወደ ላይ ሰቅሎ የቆመ። ሰው ሁሉ «ንጉሥ ሊሞት ነው» ይል ነበር አሉን። ምኒልክ ታመው ተኝተው ስለነበር ወሬው ገበያ አግኝቷል። ንጉሡ ግን እስከ 1906 ቆዩ። እማሆይም ሃሌይን ሁለቴ ያዩ እየተባሉ በሰፈሩ ዝናቸው ወጣ።

አሁን ሳብላላው ነገሩ አይገጥምም። ሃሌይ በ1902 ለፀሐይ የቀረበው ሚያዝያ 12 ነው። ጎልቶ የታየው ግንቦት ላይ፣ ያውም መጀመሪያ ከንጋት በፊት በምሥራቅ። ወደ ማታ የዞረው ግንቦት 10 እና 11 ገደማ፣ በኛና በፀሐይ መካከል ካለፈ ወዲህ ነው። (ያኔ ጅራቱ ውስጥ መርዝ ጋዝ አለ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ የኮከብ መድኃኒት የሚሸጡ ብልጦች ተነሥተው ነበር። ለካ ሞኝና ነጋዴ የትም አይጠፋም።) በጥምቀት ሰሞን ግን ሃሌይ በዓይን የሚታይ አልነበረም። ታዲያ እማሆይ ምን አዩ?

በዚያው ዓመት ጥር መጀመሪያ ላይ ማንም ያልጠበቀው ሌላ ጅራታም ኮከብ ብቅ ብሏል። ቀድመው ያዩት ደቡብ አፍሪካ፣ ትራንስቫል ያሉ የማዕድን ሠራተኞች ናቸው። ጥር 9 ለፀሐይ ሲቀርብ በጠራራ ቀን ሁሉ ታይቷል። ከዚያ ወደ ማታው ሰማይ ዞሮ በምዕራብ ጅራቱን አቆመ። ከጥምቀት በኋላ፣ ማታ፣ በምዕራብ! በየአገሩ ሃሌይን አየን ሲሉ የኖሩ ብዙ አዛውንቶች ያዩት ይህን ነው ይባላል። እማሆይ እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ኮከቦች አይተዋል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ይበልጣል።

ምን አስጨነቀህ ትለኝ ይሆናል። ሃሌይን አንድ ሰው በዕድሜው አጥንቶ አይጨርሰውም፤ የሚጠናው ሌላው ያየውን በመቀበል ነው። ኮከቡ በስሙ የተጠራለት እንግሊዛዊው የሰማይ ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሌይ ራሱ በፈረንጆች 1682 አየው። የ1531ን እና የ1607ን መዝገብ አገላብጦ ሦስቱም አንድ ናቸው፣ በ1758 ይመለሳል አለ። መመለሱን ሳያይ በ85 ዓመቱ ሞተ። ቀኑ ሲቃረብ ፈረንሳይ ውስጥ ክሌሮና ላላንድ የሚባሉ ሊቃውንት፣ ከነሱም ጋር ኒኮል ሬን ለፖት የምትባል ሴት ለወራት ሲያሰሉ ከርመው፣ ጁፒተርና ሳተርን እየሳቡ እንደሚያዘገዩት ደረሱበት። ለፀሐይ የሚቀርብበትን ቀን የሳቱት በአንድ ወር ገደማ ብቻ ነው፣ ያውም በእጅ እያሰሉ። ቀድሞ ያየው ደግሞ ማን መሰለህ? ድሬስደን አጠገብ የሚኖር ፓሊች የሚባል ገበሬ፣ በ1758 የፈረንጆች ገና ማታ። እኛ ጋስ ማማ ላይ ሆኖ አዝመራ ሲጠብቅ የሚያድረው ገበሬ ስንቱን አይቶ ይሆን? የጻፈለት የለም እንጂ።

በነገራችን ላይ የ1978ቱ ንዴትህ ልክ ነበር። ኮከቡ ለፀሐይ ሲቀርብ እኛ በወዲያኛው በኩል ነበርን። ባለሙያዎች በ2000 ዓመት ውስጥ ለማየት ከሁሉ የከፋው ዙር ነው ይሉታል። ደግነቱ ጆቶ የምትባል የአውሮፓ መንኮራኩር መጋቢት 5 ቀን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠግታ ፎቶ አነሳችው። ጅራቱን ሳይጨምር የአካሉ ርዝመት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከከሰል የጠቆረ። የሚያበራው ፀሐይ ስታሞቀው በረዶው እየተነነ አቧራውን ይዞ ስለሚወጣ ነው።

ኅዳር 29 ቀን 2016 ከኔፕቱን ምሕዋር ወዲያ፣ የመጨረሻው ሩቅ ቦታው ደርሶ ተመልሷል። ያኔ እኛ ጋ ኢንተርኔት አልነበረም፤ ወሬውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ለፀሐይ የሚቀርበው ሐምሌ 21 ቀን 2053 ነው። ሐምሌ! ጎጃም ውስጥ ሐምሌ ላይ ሰማይ የሚባል ነገር አለ እንዴ? ደግሞ 90 ዓመት ይሆነናል። በዳመና የተሸፈነ ሰማይ ለማየት ከዘራ ተይዞ አይወጣም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አክስትህ ከእማሆይ ሥር አይጠፉም ነበር፤ ወሬውን ደጋግመው ሰምተውታል። እስኪ ጠይቅልኝ። ማታ ነው ያሉት ወይስ ንጋት? ከጥምቀት በፊት ወይስ በኋላ? ከቢቸና ወዴት ዞረው ነው ያዩት? እኔ የነገርኩህን አትንገራቸው፣ ዝም ብለህ አስወራቸው። በስልክህ ብትቀዳልኝ ደግሞ ደስታዬ ነው። ትንሿ ልጅህ ቴሌግራም ላይ መላኩን ታሳይሃለች። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ያንተው