ስለ ምንጩ ሥራ እሑድ እንሰብሰብ

ሰላም ለሁላችሁ፣

የፊታችን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ባለፈው በተገናኘንበት አዳራሽ እንሰብሰብ። ጉዳዩ የአገር ቤቱ የውሃ ምንጭ ነው። ያዋጣነው ብር በማን እጅ ይሥራ? የምንወስነው ይህን ነው።

አንዳንዶቻችሁ እኛው ኮንትራክተር ቀጥረን እናሠራ ብላችኋል። እኔ ግን የአማራ ክልል ልምድ ይሻላል ባይ ነኝ። በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት የተጀመረው ኮዋሽ የተባለው የገጠር ውሃና ንጽሕና ፕሮግራም ብሩን የሚሰጠው ነዋሪው ለመረጠው የውሃ ኮሚቴ ነበር። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው። ድንጋይና አሸዋ የሚያቀርበው፣ ጉድጓድ የሚቆፍረው ሕዝቡ። ወረዳው በሙያ ያግዛል፣ ይቆጣጠራል። ለጥገና የሚሆን ቁጠባም ከነዋሪው ይሰበሰባል። ዋናው ነገር እሱ ነው። የቧንቧው ጎማ ባለቀ ቁጥር አዲስ አበባ እየተደወለ «ብር ላኩ» የሚባል ከሆነ፣ ምንጩ የእነሱ አልሆነም ማለት ነው።

ኮሚቴው ውስጥ ሴቶች በደንብ ይኑሩ። እንስራ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፤ ወረፋውንም ከማንም በላይ ያውቁታል።

እሑድ ሁለት ነገር እንቁረጥ፦ ብሩን በአንዴ እንላክ ወይስ ሥራው እየታየ በሁለት ዙር? ከእኛስ ማን ሄዶ ከኮሚቴውና ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገር?

የመዋጮ ደረሰኛችሁን ያዙ። ቡናና ቆሎ አለ፤ ምሳ ግን በልታችሁ ኑ። ውጭ አገር ያላችሁ ሐሳባችሁን በድምፅ ላኩልን። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» ብላችሁ እዚሁ ጻፉ።