እማዬ፣ ክንድሽን አደራ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከባሕር ዳር ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ፤ የነጠላሽ ጫፍ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ደሙ የደረቀበትን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ደብቀሽው ነበር። ስጠይቅሽ «የኩላሊት እጥበቱ መርፌ ሲነቀል ትንሽ ፈሰሰኝ» አልሽኝ። እህቴ ግን ግማሽ ሰዓት ተጭነውት አልቆም እንዳለ ነግራኛለች።

በዚያው ዕለት ማታ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ታንኳዎቹ ሲመለሱ እያየን ግራ ክንድሽን ያዝኩት። ትዝ ይልሽ እንደሆነ የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት ፊስቱላ ክንድሽ ላይ የተሠራልሽ ሰሞን መዳፌን ሳሳርፍበት ንብ ያለበት ቀፎ የነካሁ ያህል ይነዝረኝ ነበር። አሁን ያ ንዝረት የለም ማለት ይቻላል። ደም ሥሩ ጠጠር ብሎ ይመታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እዚህ አንድ የኩላሊት ሐኪም አማከርኩ። ፊስቱላ ማለት ደም ቅዳው ከደም መልሱ ጋር የተገናኘበት ነው። ደም መልሱ ያን ሁሉ ግፊት ስላልለመደ ውስጡ እየወፈረ ይጠባል። ደሙ አልቆም የሚለው፣ ክንድ የሚያብጠው፣ እጥበቱም በደንብ አላጥብ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጨርሶ ደም ከረጋበት ደግሞ ማዳኑ ይከብዳል። ያ ለእጥበት አንገትሽ ላይ ገብቶ የነበረው ቱቦ እንዳይመለስብሽ ነው የምፈራው። ያኔ ኢንፌክሽኑ እንዴት እንዳንገላታሽ አልረሳሁትም።

መፍትሔ አለው እማዬ። በፊኛ ይከፍቱታል። ቢላዋ የለም፣ ማደንዘዣውም የሚወጋው እዚያው ክንድሽ ላይ ነው። በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ያስገባሉ፤ በሽቦው ላይ የተጣጠፈች ትንሽ ፊኛ ትሄዳለች። ሐኪሙ በአልትራሳውንዱ ስክሪን እያየ የጠበበው ቦታ ላይ ያደርሳትና በጨው ውኃ ይነፋታል። ቦታው ሲለጠጥ ያማል፤ አልዋሽሽም፤ ግን ለአጭር ጊዜ ነው። ከዚያ አሟሽሾ ያወጣታል። «ልቤ ድረስ ይገባል» ያልሽው አይደለም፤ ሥራው ክንድሽ ላይ ያልቃል።

በራጅም ይሠራል፤ ያኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚወጋ ቀለም ይፈልጋል። አንቺ ገና ትንሽ ትንሽ ሽንት ስላለሽ፣ ቀለሙ የቀረችውን የኩላሊትሽን አቅም እንዳይነካብኝ በአልትራሳውንድ ቢሆንልሽ ደስ ይለኛል። ደግሞ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊጠብ ይችላል። ያኔም እንደገና ይነፋል እንጂ አልሠራም ብለሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ።

የት እንደሚሠራ እያጠያየቅሁ ነው። ገንዘቡን እኔና እህቴ ተነጋግረንበታል፤ እሱን ለእኛ ተዪው።

እስከዚያው ጠዋት ጊዮርጊስን ለመሳለም ስትነሺ ቀኝ መዳፍሽን ግራ ክንድሽ ላይ አሳርፊው። ንዝረቱ ጭራሽ ከጠፋ ነገ አትበዪ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። በዚያ ክንድ ጀሪካን አታንሺ፣ ተንተርሰሽው አትተኚ፣ የደም ግፊትም አታስለኪበት።

ማክሰኞ ለእጥበት ስትገቢ፣ መርፌው ሳይገባ በፊት ለነርሷ ሁሉንም ንገሪያት። የነጠላውንም ነገር ቢሆን። ሰኞ ማታ ደውዬ አስታውስሻለሁ።

ናፋቂሽ ልጅሽ