ማታ የሚዳከሙት የስፖርት ጣቢያዎች

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የስፖርት ውይይት የሬዲዮ ጣቢያዎች አድማጭ የሚያጡት በአቅራቢዎቻቸው ድክመት ነው የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። ጩኸትን እንደ ትንታኔ የሚቆጥሩ አቅራቢዎች መኖራቸውን አልክድም፤ እኔም ብዙዎቹን ታግሼ ነው የማዳምጣቸው። ዋናው ችግር ግን ያለው ማሠራጫው ላይ ነው።

በአሜሪካ ብዙዎቹ እነዚህ ጣቢያዎች የሚሠሩት በኤኤም፣ ማለትም በመካከለኛ ሞገድ ነው። ቀን ሞገዱ ምድርን ታክኮ ይጓዛል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ይሻገርና በዚያው ሞገድ የሚሠራ ሌላ ጣቢያን ይረብሻል። ስለዚህ ብዙ ጣቢያዎች ማታ ኃይላቸውን እንዲቀንሱ ይገደዳሉ፤ በ50,000 ዋት ሌሊቱን የሚዘልቁት ጥቂቶች ናቸው። ትልልቆቹ ግጥሚያዎች ደግሞ የሚደረጉት ማታ! ገበያው ሲደምቅ ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ ምን ሊያተርፍ ይችላል?

የኒውዮርኩ የስፖርት ጣቢያ ደብሊውኤፍኤኤን እ.ኤ.አ. በ1987 በ1050 ኪሎኸርዝ ጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ወደ 660 ተዛወረ። ሌሊት ርቆ የሚሰማው ሞገድ ይህኛው ነበርና። እንዲህ ያለ ዕድል ለስንቱ ይደርሳል? የኤኤም ጣቢያዎችን ፕሮግራም በኤፍኤም የሚደግሙት አነስተኛ ማሠራጫዎችም ቢሆኑ ከ250 ዋት አያልፉም።

«በኢንተርኔት አዳምጡ» የሚሉን አሉ። የኢንተርኔቱ ድምፅ ዘግይቶ ስለሚደርስ ውጤቱን ቀድሞ የሚነግረን ሰው አይጠፋም፤ የጨዋታው ቀጥታ ሥርጭትም በሥርጭት መብት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይቋረጣል።

ጋዜጣችሁ በሚቀጥለው ጊዜ የአድማጭ ቁጥር ሲያወዳድር የየጣቢያውን የማታ ሽፋን ካርታ አብሮ ቢያትም እወዳለሁ።

አንድ የዘወትር አድማጭ