ደብተርዎን አገኘሁት

ደሴ፣ ነሐሴ 14 ቀን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? የኮምቦልቻ ሙቀት ሳይሻለው አይቀርም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የጦሳ ጭጋግ ብቻ ነው ልብስ አላደርቅ ያለን። በስልክ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» እያሉ ከሚደክሙ ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

የጓዳው ቆርቆሮ አፍስሶ የቀለም ሣጥንዎን ሳነሳ ከሥሩ ሦስት ደብተር አገኘሁ። አኳራጅ አኳራጅ፣ የቀለም ማቅጠኛው፣ ይሸታል። ሂሳብ መስሎኝ ገለጥኩት፤ ሳላስበው ወጡ አረረ።

ፒያሳ የነበረውን፣ እርስዎ የሣሉትን የልብስ ስፌቱን ታፔላ ያስታውሱታል? በሁለቱ ቃላት መሐል መቀስ የቆመበትን? ሰው ሁሉ ሲያደንቅዎ «በሕልሜ መጣልኝ» ይሉ ነበር። አባባ፣ በሕልምዎ አልመጣም! ስድስት ገጽ ሙሉ ታግለውበታል። ላሜራው አጥሮ «ልብስ» እና «ስፌት» ተጣብቀው፣ ሁለቱ «ስ» ጎን ለጎን ሆነው «ልብስስፌት» እየተባለ ሲነበብ ይታያል። መጀመሪያ ፊደሉን አሳነሱት፤ ከጎኑ «ከመንገድ ማዶ አይነበብም» ብለዋል። ቀጥሎ እንደ ድሮው ጽሕፈት በመሐል ሁለት ነጥብ ከተቱ፤ «ዝንብ ያረፈበት መሰለ» (እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ)። ነጥቦቹን አሰፏቸው፣ ቀለበት ሆኑ፤ ከቀለበቱ ስለት አወጡለት። «ተጋድሞ ቦታ በላ። ይቁም።» በማግስቱ ገጽ ላይ መቀሱ ቆሟል። ያ ሁሉ የተደነቀ መቀስ ከላሜራ ማጠር ነው የተወለደው።

ገጹ ጥግ ላይ የሽንኩርት ዋጋ አለ። አንድ ቦታ ደግሞ ልኬቱ ተጀምሮ በመሐል «ቡና ደረሰ» ብለው ትተውታል። ይኼን ሳይ ሞናሊዛን የሣለው ጣልያናዊው ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ትዝ አለኝ። እሱም ከ7,000 በላይ የማስታወሻ ገጽ ትቷል፤ ግራኝ ስለነበር ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ፣ በመስታወት ካላዩት የማይነበብ ነው። ሊሞት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ባለ ሦስት ጎን ቅርጾች ሲያሰላ ቆይቶ በመሐል «ወዘተ» ብሎ አቆመ፤ ምክንያቱንም ጻፈው፦ ሾርባው ስለሚቀዘቅዝ። የሙዚቃው ሰው ቤትሆቨንም እንዲሁ ነው። ቪየና ውስጥ ከቤት ቤት ሲዞር የሰረዛቸውን፣ የደለዛቸውን የዜማ ረቂቆች አልጣላቸውም፤ እስኪሞት ይዟቸው ዞሯል።

አሁን አንድ ቅሬታ ልንገርዎ፤ አይቀየሙኝ። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ የሣልኩትን ፈረስ እያለቀስኩ ስቀድ አይተው «እጅ ካልታደለ ምን ይደረጋል» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ እንደነበር ይገባኛል። ግን ከዚያ ወዲያ እርሳስ ለሥዕል አልጨበጥኩም። የርስዎ እጅ ሳይሞክር የሚያውቅ ይመስለኝ ነበራ! እነዚያን ስድስት ገጾች ያን ቀን ቢያሳዩኝ ምን ነበረበት? ደንበኛ እንዳይንቅዎ ፈርተው ይሆን የደበቋቸው? ለደንበኛው ይሁን፤ ለእኔስ?

ትናንት ማታ ትንሿ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ መቀሱን ከደብተሩ ስትገለብጥ አመሸች። አንዱን ቀለበት አሳብጣ አበላሸችውና «የአያቴም እንዲህ ነበር፣ ሦስተኛው ላይ» ብላ እንደገና ጀመረች።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ደብተሮቹን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሐረጎን ስንወርድ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የማመጣቸው። በሦስተኛው ደብተር ማብቂያ በቀይ የተከበበ «ጠ» አለ፤ ከሥሩ «ይኼ አሁንም አልሆነም» ይላል። የየትኛው ታፔላ ነው? እርሳስም ይዤ እመጣለሁ።

ልጅዎ