እማዬ፣ የድምፅ መልእክትሽ ደርሶኛል

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት 300 ዩሮ ልኬያለሁ። በእህቴ ስም ነው፣ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ግማሹ ለደም ግፊት መድኃኒትሽ ነው። ለሠርጉ ድግስ እንዳትነኪው። ሲሻልሽም መድኃኒቱን አታቋርጪ፣ አደራ።

ሁለት ወር ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ ብቻ አይደለም። ተናድጄ ነው። ወንድሜ የመድኃኒትሽን ብር ጠጣበት ስትዪኝ ክፉ ቃል እንዳይወጣኝ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬ አንቺን እንደሚጎዳ አላሰብኩም። ይቅር በይኝ።

መልእክትሽን አውቶቡስ ውስጥ ነው የሰማሁት። ወደ ጸሎት ቤት የመጣው ሰው ወንድሜን "መዳንህን አጥተሃል፣ መመለሻ የለህም" ብሎት ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስ ብሏል አልሽኝ። ከዛ "ልጄ፣ የዳነ ሰው ይጠፋል እንዴ?" አልሽ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁሽ።

እኔ ቄስ አይደለሁም። ግን በዚህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የዳነ ሰው ከቶ አይጠፋም የሚሉ አሉ። "ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም" የሚለውን ዮሐንስ 10ን ይዘው ነው። ያ ሰው ግን ዕብራውያን 6ን ሳያነብበት አይቀርም፤ ቀምሰው የካዱትን ለንስሐ ማደስ አይቻልም የሚለውን።

እኛ ሉተራውያን ነን። የእምነታችን መግለጫ በ1530 የተነበበው እኔ በምኖርባት በጀርመኗ ከተማ በአውግስቡርግ ነው፣ በንጉሠ ነገሥቱ በካርል 5ኛ ፊት። 12ኛውን አንቀጽ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንዴ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን ይነቅፋል። እዚያው ላይ ደግሞ የኖቫትያንን ተከታዮች ይነቅፋል። ኖቫትያን በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ፣ ክርስቲያኖች ሲሳደዱ እምነታቸውን የካዱትን ንስሐ ቢገቡም አልቀበልም ያለ ቄስ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነብ እንባዬ መጣ። ሰው ሊወድቅ ይችላል። ለሚመለስ ሰው ግን ይቅርታን መንፈግ አይቻልም።

ስለዚህ ለወንድሜ ኃጢአቱን አታቅልዪለት። እያወቀ ልቡን እያደነደነ ከሄደ አደጋ ነው፣ ይሄን ሳትደብቂ ንገሪው። ግን እማዬ፣ በኀፍረት ጉሮሮው የተዘጋ ልጅ የካደ ሰው ነው? የካደ ሰው ምን አስጨንቆት! ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ። ኢየሱስ ግን ገና ሳይወድቅ "እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ" ብሎት ነበር። ይሄን ቁጥር ለእሱ አንብቢለት፣ ሉቃስ 22 ላይ ነው። አያቴም ኦርቶዶክስ ሆና ትዝ ይልሻል፣ ስታጠፋ ወደ ንስሐ አባቷ ትሄድና ቀኖናዋን ፈጽማ ትመለሳለች። መመለሻ የለሽም ያላት አልነበረም።

አሁን ደብቄሽ የኖርኩትን ልንገርሽ። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቼ ነበር፣ 14 ወር ሙሉ። ምን እንዳደረግሁ አልጽፍልሽም። "ትጸልያለህ?" ስትዪኝ "አዎ" እልሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። እኔም ያኔ አልቆልኛል ብዬ ነበር። አንድ እሁድ የአበሾች ኅብረት በር ላይ ደርሼ መግባት አቃተኝ። አንዲት እናት ወጥተው "ቡናው ቀርቧል፣ ግባ" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ገባሁ።

ለዚህ ነው በወንድሜ ላይ መናደዴን የማልወደው።

የእህቴ ሠርግ ጥር ላይ ነው፣ እኔ አልደርስም። ወረቀቴ ገና ነው። እዚህ ሲነጋም ጨለማ ነው፣ እናንተ ጋ ፀሐዩ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ እያበራ ይሆናል። አባዬ ስለሌለ እሷን ይዞ የሚገባው ወንድሜ ይሁን። በኳየር ማገልገሉን ሽማግሌዎቹ ይዩት፣ እሱ ይቆይ። እህቱን ግን ይያዛት። ለሱፍ ልብሱ ለብቻ እልካለሁ፣ ለሰፊው ራስሽ ክፈዪ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን ለእሱ ስጪው።

ልጅሽ