አንድ ምድጃ ጎድሎናል፦ ለሐዋሳ የመስታወት ሥዕል የድጋፍ ጥሪ

ሰላም የሐዋሳ ልጆች፣ እዚሁ ያላችሁም ራቅ ያላችሁም።

ታቦር ተራራ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል የመስታወት ሥዕል የምንማማር ሰዎች ነን። ነገሩ የጀመረን አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ያየን ቀን ነው። 150 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ቀና ብሎ ላየው ሰው አንገት ያሳምማል፤ ዓይን ግን አይጠግብም። «እኛስ ከተማ ለምን አይኖርም?» ብለን ተነሳን።

አጀማመራችን ልክ አልነበረም። አምና ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት መስኮት አባ ኮዳና ዓሣ ሳልን፤ ከሱቅ በገዛነው የዘይት ቀለም። ልጆቹ ወደዱት። ክረምቱ ሳይወጣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ሞግዚቷ ቅርፊቱን በመጥረጊያ ስትሰበስብ ሳይ አፈርኩ።

እውነተኛው የመስታወት ቀለም በእሳት ነው የሚጸናው። የደቀቀ መስታወትና የብረት ወይም የመዳብ ኦክሳይድ ዱቄት ነው። በውሃና በግራር ሙጫ ይለወሳል፤ ሙጫው እዚሁ አገራችን አለ። መስመሩ በብሩሽ ይሳላል፣ ስስ ቀለም ይቀባበታል። ሲደርቅ ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ በሹል እንጨት ይፋቃል። ከዚያ ወደ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል። የመስታወቱ ፊት ይለሰልስና ቀለሙን ይዞ ይቀራል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ቢጫውን ነው። ከብር ነው የሚሠራው፤ ጌጥ ከሚሠራበት ብር። አውሮፓ ውስጥ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ተሠርቶበታል። በመስታወቱ ጀርባ ይቀባል። ከምድጃ ሲወጣ የደረቀ ጭቃ ይመስላል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ስታደርጉት ከሥሩ የማር ቀለም ብቅ ይላል። ቀለሙ መስታወቱ ውስጥ ገብቷል፤ በጥፍር ቢፍቁት አይነሳም። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

የቸገረን ምድጃው ነው። እስካሁን የሸክላ ማቃጠያ እየተዋስን ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። መብራት ድርግም ሲል ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል። መስታወት ደግሞ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። የሁለት ሳምንት ሥራችን በአንድ ሌሊት እንዲሁ ሆኖ አደረ። በእሳት ጡብ ወፈር ተደርጎ የተሠራ ምድጃ መብራት ቢሄድም ሙቀቱን ይዞ ያድራል።

ግማሹን ዋጋ ከየኪሳችን አዋጥተናል። ቀሪውን እናንተን ነው የምንለምነው። ሃምሳ ብርም ትሁን ይቆጠራል። ገንዘቡን የሚቀበለው የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነው፤ ለሁሉም ደረሰኝ ይቆርጣል። መስታወት ቤት ያላችሁ ቁርጥራጩን አትጣሉት፣ ለኛ አኑሩልን። የኤሌክትሪክ ሥራ የምታውቁ፣ ምድጃው ሲተከል ግማሽ ቀን ስጡን። አየር የሚያስወጣ ፋን ያለው ሰው ካለም በጣም እንፈልገዋለን። ቁርጥራጮቹን የምናያይዘው እርሳስ በሚባለው ብረት ነው፤ እርሳስ መርዝ ስለሆነ ያለ ፋን ልጆችን ወደ ክፍሉ አናስገባም።

ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ በሩ ክፍት ነው። ኑና እዩ።

ምድጃው እንደቆመ መጀመሪያ የምንሠራው የዚያኑ መዋዕለ ሕፃናት መስኮት ነው። ንድፉ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል። ልጆቹ የዓሣው ዓይን ቢጫ ይሁን ብለዋል።